የአያ ተገኘ ዓይን

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርሁም፣ ለቄሱም አልነገርሁም። በአስተሰርዮ፣ በኃጢአት ማስተሰረያው ጾም ቀን ቆሜ ደረቴን ስመታ እንኳ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን እየጠራሁ ይህችን በጥርሴ ነክሼ እይዛታለሁ። ሰው ሲያረጅ አፉ ይፈታል ይላሉ፤ የኔ አፍ ግን እዚች ነገር ላይ ሲደርስ የዛገ ብሎን ነው። ዛሬ ልፈታው ተቀምጫለሁ። አንተ የምታነብ፣ አንቺም የምታነቢ፣ ማን እንደሆናችሁ አላውቅም። ስለማላውቃችሁ ነው የምነግራችሁ፤ የማውቀው ሰው ፊት ቢሆንማ አሁንም እዋሽ ነበር።

በኋላ ማመካኘት እንዳልጀምር ዋናውን አስቀድሜ ልናገረው። እኔ የሰው ዓይን አጥፍቻለሁ። በጥይት አይደለም፣ በስለትም አይደለም። ደህና የሚያይ ዓይን ያላቸውን ሰው “አያዩም” ብዬ አሳምኜ ከመሪ ላይ አወረድኋቸው። ሰውየው ባዳ አልነበሩም። ያሳደጉኝ የእኅቴ ባል ናቸው።

አያ ተገኘ ይባላሉ። እናትና አባታችን ቀድመውን ስለሞቱ፣ እኅቴ ትርንጎ ስታገባ እኔም እንደ ጓዝ ተጭኜ ተከትያት ሄድሁ። አንድ ቀን ፊት አልነሱኝም። ያኔ ጎንደር ላይ የጭነት መኪና፣ አሮጌ ትሬንታ ኳትሮ፣ ይነዱ ነበር። ከመኪናዋ ሥር ተጋድመው እጃቸውን ወደ ውጭ ሲዘረጉ ካቻቢቴውን ከፒንሳው ለይቼ እንዳቀብል ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። ጠዋት ጠዋት ሞተሩን ሳያስነሡ ከናፍጣው ፊልትሮ፣ ከማጣሪያው ግርጌ ያለችውን ብሎን ላላ ያደርጉና ሥር የዘቀጠውን ውኃ ያፈሱ ነበር። ነጋዴው በርሜሉ ላይ ውኃ ይቀላቅላል፤ በርሜሉም ደጅ እያደረ ዝናብ ይጠጣል። “ናፍጣ መስሎን ወንዝ ነው የምንገዛው” እያሉ ይስቁ ነበር።

ዓይናቸው ደግሞ የታወቀ ነበር። ከማዶ የሚመጣውን መኪና ከሚያነሣው አቧራ ለይተው የማን እንደሆነ ይናገራሉ። ሰው ይወራረድባቸው ነበር። እኛ ቤተ እስራኤሎች አገራችንን ትተን በሱዳን በኩል ወደ ኢየሩሳሌም በእግር ስንወጣም ሽማግሌዎቹ ከፊት ያስቀደሟቸው ለዚሁ ነው፤ ተገኘ ካየ ሁላችንም አየን ይሉ ነበር። የዚያ መንገድ ነገር ኋላ ይመጣል።

እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት የምትባል ከተማ ከገባን በኋላ እኔ ልጅ ስለነበርሁ ነገሩ ቀለለኝ። ተማርሁ፣ ሠራዊት ገብቼ ወጣሁ፣ የመካኒክ ወረቀት ይዤ በኢንዱስትሪው ቀጠና አንድ ሙሳክ ተቀጠርሁ። ሙሳክ የምንለው ጋራዡን ነው። አያ ተገኘ ግን ስንት ዓመት የፋብሪካ ወለል ጠረጉ። የጎንደሩ መንጃ ፈቃድ እዚህ አይሠራም ተባሉ። ቋንቋውን እንደ ሕፃን ተማሩ፤ ፈተናውን ወደቁ፣ እንደገና ወደቁ፣ በመጨረሻ የከባድ መኪና ፈቃድ፣ ሪሽዮኑን ማለት ነው፣ አወጡ። የዚያን ቀን ትርንጎ ደረጃው ላይ ቆማ እልል ስትል የሕንፃው ሰው ሁሉ፣ ሞሮኮውም ሩሲያውም፣ ምን መጣ ብሎ በሩን ከፈተ። ጊዜው እነዚያ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነው የመጡት ወገኖቻችን ገና በካራቫን፣ በጊዜያዊው ተጎታች ቤት የሚኖሩበት ነው። “ከኛ ሰው ይህን የሚያህል መኪና የሚነዳ አለ” እያሉ ልጆቻቸውን ይዘው ሊያዩዋቸው ይመጡ ነበር።

የቀጠራቸው እኔ የምሠራበት ሙሳክ ባለቤት የሆነው የጭነት ድርጅት ነው። ከክር ፋብሪካው ጭነት እየወሰዱ ያደርሳሉ። ግን ለሙከራ ነበር። ቋሚ የሚሆኑት የሙከራው ጊዜ ያለ እንከን ሲያልፍ ነው። እርሳቸውም ሌላ የሚያወሩት ነገር አልነበራቸውም፤ ቋሚ ስሆን፣ ቋሚ ስሆን። እንደ ሙሽራ ነበር የሚጠነቀቁት፤ መኪናዋን በገዛ ካናቴራቸው ይወለውሏት ነበር።

አንድ ዓርብ ጠዋት ሌሎቹ ለሰንበት ሲጣደፉ አያ ተገኘ መኪናዋን ከሙሳኩ ጀርባ አቁመው ጠሩኝ። ከመሪው ፊት ካለው ክሩስኮት ላይ አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ያች መብራት ከናፍጣው ፊልትሮ ግርጌ ከተሰካ ውኃ ጠቋሚ በሽቦ የምትገናኝ ናት፤ ፊልትሮው ሥር ውኃ ሲጠራቀም እርሷ ትበራለች። ለሜናሄሉ፣ ለአለቃው ብናገር መኪናዋ ትቆማለች፣ በሙከራ ጊዜዬ አበላሸ ይሉኛል፣ እስኪ አንተ እያት አሉኝ።

እዚህ ላይ ልብ አድርጉልኝ። በዚያ ሙሳክ የሽቦ ሥራ የእኔ ሥራ አልነበረም። ሽቦ የሚነካው ኤሌክትሪሲያኑ ነው። እኔ ዘይት ቀያሪ፣ ጎማ ፈቺ ነበርሁ። ቤት ግን እንደሱ አላወራሁም። ትርንጎ ማዕድ ላይ ወጥ ስትጨምርልኝ፣ ሞተር የሚከፍተው እኔ፣ ሽቦ የሚቀጥለው እኔ፣ ያለኔ ሙሳኩ የማይከፈት አስመስዬ ስንት ጊዜ ጎርሬ ነበር። አያ ተገኘም ያንን አምነው መጡ። ያን ጊዜ “አያ፣ ይህ የኔ ሥራ አይደለም፣ አላውቀውም” ማለት ምን ነበረበት? ምንም። አፌ ግን አልታዘዝ አለ። ያሳደጉኝ ሰው ፊት፣ ካቻቢቴ ያስጨበጡኝ ሰው ፊት፣ አላውቅም ማለት ሞት መሰለኝ።

ከመኪናዋ ሥር ገባሁ። ሽቦውን በእጄ እየዳሰስሁ ተከተልሁት። አንድ ቦታ ላይ ከብረቱ ጋር ሲፋተግ ኖሮ ልባሱ ተልጦ መዳቡ ወጥቷል። አገኘሁት ብዬ ደስ አለኝ። ናስትሮ፣ የሽቦ ፕላስተር፣ ጠቀለልሁበትና ወጥቼ ቁልፉን አዞርሁ። መብራቷ እንደገና ብልጭ አለች።

አያ ተገኘ ጎንበስ ብለው ፊልትሮውን አዩና እጃቸውን ወደ ግርጌው ብሎን ሰደዱ። ምናልባት ውኃ ይሆን፣ ላፍሰው እንዴ አሉ። እኔ ሳቅሁ። አዎ፣ ሳቅሁባቸው።

“አያ፣ ይህ እኮ ኢየሩሳሌም ነው። የዚህ አገር ናፍጣ ውስጥ ውኃ ምን ይሠራል?” አልኋቸው።

ይህን ቃል የሌላ አገር ሰው ቢሰማው ቂልነት ይመስለዋል። እኛን ግን ጠይቁን። አገራችን እያለን፣ ከቀዬአችን ሳንወጣ፣ ይህን አገር በሞላው ኢየሩሳሌም ነበር የምንለው፤ ኢየሩሳሌም ማለት እድፍ የሌለበት ምድር ነበር። ሽማግሌዎቻችን እዚያ ነጭ እንጂ ሌላ አይለበስም ይሉን ነበር። መጥተን ወለሉን ጠርገን፣ ቆሻሻውን ተሸክመን፣ ስድቡንም ጠጥተን እንኳ ያ እምነት ከሆዳችን ተጠርጎ አላለቀም። ሰው ሊያታልል ይችላል፤ የምድሪቱ ነገር ግን፣ ውኃዋም፣ ዘይቷም፣ ናፍጣዋም ንጹሕ ነው። እኔ ሠራዊት ገብቼ የወጣሁት፣ ወረቀት የያዝሁት፣ ያን ቀን ለሥንፍናዬ ያንን እምነት መዘዝሁት። እርሳቸውም እጃቸውን መለሱ። ጎንደሬነታቸው ያሳፈራቸው መሰለኝ። ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁትን፣ ትክክለኛውን ነገር ሊያደርጉ የተዘረጋ እጅ ነበር። እኔ አስመለስሁት።

ከዚያ እንደገና ሥር ገባሁና ከውኃ ጠቋሚው ላይ ሶኬቱን ነቀልሁት። ጫፉን በናስትሮ ጠቅልዬ ከላይ ካለው ብረት ጋር አሰርሁት። መብራቷ ድርግም አለች፤ አልተመለሰችም። ወጣሁና “ተሠራች” አልሁ። አያ ተገኘ እጄ ዘይት መሆኑን ሳያዩ ያዙኝና ግንባሬን ሳሙኝ። ተባረክ፣ እግዜር ያሳድግህ፣ አሉኝ። እሑድ ስንመለስ ደህና አድርጌ አያታለሁ ብዬ ለራሴ ነገርሁት። እሑድ መጣ፣ ሌላም እሑድ መጣ። ረሳሁት ብዬ አልዋሻችሁም። መመለስ ማለት “ያን ጊዜ አልሠራኋትም” ማለት ስለሆነ አልተመለስሁም።

የዚህ አገር ዝናብ ሲመጣ አንድ ጊዜ ነው የሚዘረግፈው። ከጀመረ በኋላ አንድ ቀን አያ ተገኘ ክር ጭነው ወደ ኢየሩሳሌም ከተማ ሽቅብ ሲወጡ መኪናዋ ሳለች፣ ተንፈራገጠችና ዳገቱ ላይ ሞተሩ ጠፋ። ሞተር ሲጠፋ መሪው እንደ ድንጋይ ይከብዳል። እንዴት እንዳደረጉት እንጃ፣ ሰው ሳይነኩ ወደ ዳር አውጥተው የመንገዱ ብረት ላይ አስደገፏት። ግንባራቸው ተፈነከተ እንጂ ሌላ ጉዳት አልደረሰም። ሌላ ሾፌር ቢሆን ኖሮ የኋላውን መኪና ሁሉ ይዞ ይወርድ ነበር። ያዳናቸው ያው ዓይናቸውና ያው እጃቸው ነው። ማን ይንገራቸው? የሚያውቀው እኔ ነኝ፣ አልነገርኋቸውም።

መኪናዋ ተጎትታ ሙሳክ ስትገባ እኔ ነበርሁ። አለቃው ቢሮ ነው። አያ ተገኘ ከክሊኒክ ግንባራቸውን አስጠቅልለው ገና አልደረሱም። ማንም ሳያየኝ ከሥር ገባሁ፣ ናስትሮውን ፈታሁ፣ ሶኬቱን መልሼ ሰካሁት። አስቤበት ነው ያደረግሁት። የመጀመሪያው ጉራ ነበር፣ ሥንፍናም ነበር በሉት፤ ይሄኛው ግን ወንጀል ነው።

አለቃውና ኤሌክትሪሲያኑ መጥተው ፊልትሮውን ፈቱት። ሥሩ ውኃ ነው። ናፍጣ የሚገፋው ፖምፓ ታንቋል። ቁልፉን ሲያዞሩት ቀይዋ መብራት ፍም መስላ በራች። አያ ተገኘ ያን ጊዜ ደርሰው ከኋላ ቆመው ነበር። አለቃው ዞሮ፣ ሰውዬ፣ መብራቷ ይኸው ትሠራለች፣ እየበራች ለምን ነዳህ አላቸው። አልበራችም አሉ፣ በዚያ በተሰባበረ ዕብራይስጣቸው። ቁልፉን ደግመው አዞሩት፤ በራች። ሠልሰው አዞሩት፤ በራች። የቆመው ሰው ሁሉ መብራቷን አይቶ ወደ እርሳቸው ያያል።

ሽቦውን የሚስቴ ወንድም ነክቶት ነበር ማለት ይችሉ ነበር። አንድ ቃል ነው። አላሉም። እኔ ያለ ፈቃድ መንካቴን ያውቁ ነበርና እንጀራዬ እንዳይቋረጥ ብለው ዋጡት። ወደ እኔ ቀረብ አሉና ሌላው እንዳይሰማ በእኛ ቋንቋ ጠየቁኝ።

“አድማሱ፣ እስኪ አንተ ንገረኝ። ይህች መብራት ስትበራ ነበር?”

“ትበራለች፣ አያ” አልሁ። ይህ ሳይበቃኝ ጨመርሁበት፦ “ዓይንዎ ይሆናል።”

“ዓይኔ?” አሉ።

ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ፊታቸው ላይ ዘርግተው አዩት። መዳፉን አዩት፣ ገልብጠው ጀርባውን አዩት። ከዚያ ወደ አለቃው ዞረው፣ ልክ ነህ፣ አላየኋትም አሉት። ኮፍያቸውን አንሥተው በዝናቡ ወጡ።

እስቲ ፍረዱኝ። “ዓይንዎ ይሆናል” የሚለውን ማን አስተማረኝ? ማንም አልጠየቀኝም እኮ። ትበራለች ብዬ ዝም ብል እንኳ መብራቷ ኋላ ተበላሽታ ይሆናል ብለው ይጠራጠሩ ነበር። እኔ ግን ጥርጣሬው ወደ ሽቦው እንዳይመጣ መሄጃ ሰጠሁት። ወደ ሰውየው አካል ውስጥ ሰደድሁት። ሶኬቱን ነቀልሁ፣ ሶኬቱን መልሼ ሰካሁ፣ ዓይንዎ ነው አልሁ። ከሦስቱ የቱ ይከፋል ብትሉኝ የመጨረሻው ነው።

እንዲያውም አላባረሯቸውም። አለቃው ክፉ ሰው አልነበረም። ዓይንዎን ተመርምረው ወረቀት ያምጡ፣ የሙከራውን ጊዜ እናራዝምልዎታለን አላቸው። ቁፓት ሆሊም፣ ከሕክምና ድርጅቱ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ መረመራቸውና የወጣት ዓይን ነው ያለዎት ብሎ መለሳቸው። እኔ ይህን ስሰማ ተመስገን ብዬ ተነፈስሁ፤ ዳንሁ አልሁ። እርሳቸው ግን ወረቀቱን ለአለቃው አልወሰዱም። ትርንጎ አልቅሳ ስትለምናቸው የመለሱላትን እርሷው ነገረችኝ።

“ሐኪሙ አያውቀኝም፤ ፊደል አሳየኝ፣ ፊደሉን አየሁለት። አድማሱ ግን ያላየሁትን ነገረኝ። አድማሱ ደግሞ አይዋሸኝም።”

ወይ ነዶ! የመንግሥት ሐኪም በመሣሪያ አይቶ የመሰከረውን የኔ ቃል ሻረው። ያሳደጉት ልጅ አይዋሽም ብለው ስላመኑ ብቻ። ሪሽዮኑን በጨርቅ ጠቅልለው ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጡት። ብነዳ ሰው እገድላለሁ አሉ። ወደ ፋብሪካው ወለል፣ ወደ መጥረጊያው ተመለሱ።

እውር ሆኑ ማለቴ አይደለም። ያያሉ። ትንኝ ግድግዳ ላይ ስታርፍ ያያሉ። ግን አያምኑትም። መንገድ ሲሻገሩ ባዶ መሆኑን እያዩ ልጅ እስኪመጣ ይጠብቃሉ፤ የልጁን ትከሻ ይዘው ይሻገራሉ። አንድ ጊዜ፣ ምነው አያ፣ ያያሉ እኮ ብላቸው፣ “ያየሁትንማ አየሁት፤ ያላየሁትን አለማየቴን በምን አውቃለሁ?” አሉኝ። አንድ መልስ ነበረኝ፣ እሱን ዋጥሁት።

አሁን ያን የሱዳን መንገድ ልናገር። ይህ ከሁሉ የሚከብደኝ ነው።

አንድ ሰንበት ከሰዓት ከሕንፃው ጀርባ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። አያ ተገኘ ድንገት፣ ለምን እንደሆነ አወቅሁት አሉ። ምኑን ብላቸው ዓይኔን አሉ። ከዚያ ማንም የማያውቀውን ነገሩኝ። በመንገዱ ላይ፣ ጎህ ሊቀድ ሲል፣ ከፊት ሆነው ሲመሩን፣ ከዛፍ ሥር የተቀመጠች አሮጊት አይተዋል። ከአብሮ ተጓዦቻችን የአንዱ እናት ናት፤ ከእኛ ከቀደመው ጓድ ጋር ሄዳ ደክሟት ቀርታ ነው። ነጠላዋን ለይተዋል። ቢናገሩ ሰው ሁሉ ይቆማል፣ ቢቆም ይነጋል፣ ቢነጋ ሽፍታ ይደርሳል። ሕፃናቱን፣ ትርንጎን፣ እኔን አሰቡ። ሰዉን በሌላ በኩል አዙረው አሳለፉት። በኋላ ልጇ እናቴን ያያችሁ ብሎ ሲጠይቅ፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚያዩት እርሳቸው፣ አላየሁም አሉ። አሮጊቷ ከዚያ ወዲያ አልተገኘችም።

“አላየሁም ብዬ የካድሁበትን ዓይን እግዜር ወሰደው” አሉኝ። “ፍርዱ ልክ ነው። ሞተሩም የጠፋው ወደ ኢየሩሳሌም ስወጣ ነው፤ አትገባትም ሲለኝ ነው። አልቆጣም።”

እያለቀሱ አልነበረም። ተራ ነገር እንደሚናገር ሰው ነበር የሚናገሩት። የሸሸጉትን ሁሉ ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት፤ እኔን ነው ነፍስ አባት ያደረጉት። እኔን! ሶኬቱን የነቀልሁትን፣ ሶኬቱን መልሼ የሰካሁትን፣ ዓይንዎ ነው ያልሁትን። ከዚህ የተሻለ ጊዜ ይመጣል? አያ፣ እግዜር ምንም አልወሰደብዎትም፣ የወሰድሁብዎት እኔ ነኝ፣ የምትል አንዲት ቃል ብትወጣኝ ሰውየው ከፍርድ ይድኑ ነበር። የሠሩት ቢኖር እንኳ ከእግዜር ጋር የራሳቸው ሒሳብ ይሆን ነበር፤ የኔ ውሸት ግን ማኅተም ሆኖ አረፈበት።

ምን አልሁ መሰላችሁ? “እግዜር መሐሪ ነው፣ አያ” አልሁ። ይህን ብዬ ትከሻቸውን መታ መታ አደረግሁ። እስከ ዛሬ ያችን እጄን እጠላታለሁ።

“ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል” ይላል ያገራችን ሰው። የኔ ውሸት ግን እያደር ከበደ። በየዓመቱ፣ አስተሰርዮ ሊገባ ሲል፣ በእኛ ሥርዓት ሰው ለሰው ይቅርታ ይጠያየቃል። አያ ተገኘ ደግሞ ከማንም በፊት እኔ ቤት ይመጣሉ። የልጄን ትከሻ ይዘው ደረጃውን ቀስ ብለው ይወጣሉ። ታላቅ ሆነው ሳለ ጎንበስ ይሉና፣ ያን ጊዜ በሽቦው ነገር በልቤ ጠርጥሬህ ነበር፣ ይቅር በለኝ ይሉኛል። በየዓመቱ! እኔም ይቅር ለእግዜር እላለሁ። ከዚያ ጾሙን ጾሜ፣ ምኩራብ ገብቼ፣ ነጭ ለብሼ እቆማለሁ። እንዲህ ያለውን ጾም ማን ይቀበለዋል?

ምክንያት አጣሁ አልልም፤ ሞልቶኝ ነበር። መጀመሪያ ከሥራ እንዳልባረር ነው አልሁ። ሙሳኩን ለቅቄ ሌላ ቦታ ስቀጠር ያ ምክንያት አለቀ። ከዚያ ልጆቼ ያፍሩብኛል አልሁ። ከዚያ ደግሞ አሁን ብነግራቸው ያ ሁሉ ዓመት በከንቱ መሄዱን አውቀው ልባቸው ይሰበራል፣ ለእርሳቸው ብዬ ነው ዝም ያልሁት አልሁ። ይህ የመጨረሻው ጥሩ ሰው የሚያስመስል ስለሆነ ብዙ ተመቸኝ።

ባለፈው ክረምት አያ ተገኘ ዐረፉ። ሕመሙ የዓይን አልነበረም፣ የልብ ነበር። ለቅሶው ላይ ከካርሜ ጋት፣ ከአሽዶድ፣ ከየቦታው ሰው መጣ። እኔ እንደ ወንድም በር ላይ ቆሜ ሰው እቀበላለሁ፤ አይዞህ አድማሱ፣ አባትህ ነበሩ ይሉኛል። ትርንጎ መሬት ተቀምጣ ለሴቶቹ ስለ ባሏ ታወራለች። የማታውቀው ጉድ አጠገቧ ቆሞ ይሰማታል።

ከጡረታ ወዲህ ያለውን ነበር የምትነግራቸው። በየቀኑ ከሰዓት የልጅ ልጁን ይዞ ወደ ባቡር ጣቢያው የሚወስደው መንገድ ዳር ይቀመጥ ነበር አለች። መኪና ከሩቅ ብቅ ሲል፣ ቀይ ናት አይደል ይለዋል። ሲደርስ ቀይ ናት። ቀጥሎ የምትመጣው ነጭ፣ የጭነት፣ የኋላ መብራቷ አንዱ የተሰበረ። ስትደርስ እንደዚያው ናት። አንድ ቀን እንኳ ስቶ አያውቅም፤ ልጁ መጥቶ፣ አያቴ እኮ ከኔ በፊት ያያሉ እያለ ይነግረኝ ነበር አለች።

“እኔም እሰማና፣ ተገኘ፣ ይኸው ታያለህ እኮ እለው ነበር” አለች ትርንጎ። “እሱ ግን ‘ገምቼ ነው’ ይለኛል። እስኪሞት ድረስ ገምቼ ነው እንዳለ ሄደ።”

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ ውኃ የማመጣ መስዬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ፣ ያኔ ትርንጎ እልል ያለችበት ቦታ ተቀመጥሁ። እንግዲህ በየቀኑ ራሳቸውን ሲፈትኑ ኖረዋል። በየቀኑ ፈተናውን ሲያልፉ ኖረዋል። በየቀኑም የኔን ቃል አምነው ውጤቱን ሲጥሉት ኖረዋል።

ትርንጎ አለች፤ አርጅታለች፤ ሰንበት ሰንበት እሄድላታለሁ። ልንገራት? ብነግራት ባልሽ በከንቱ ነው የተቀጣው ማለት ነው። ሆዴ ይፍጀው፣ ይብቃት እላለሁ። እንዲህ ስል ግን ያችን የድሮዋን ምክንያቴን አውቃታለሁ፤ ያችው ናት፣ ልብስ ቀይራ መጣች። ስለዚህ ይህን ጽፌ ስጨርስ ይዤላት እሄዳለሁ። ማንበብ አትችልም፤ እኔ ነኝ የማነብላት። ከዚያ ወዲያ ብታስወጣኝም እወጣለሁ።

ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልሁት እናንተን አይደለም። ይቅር ማለት የሚችሉት ሰው በየዓመቱ ደጄ መጥተው፣ በሩን አንኳኩተው፣ እኔን ይቅርታ ጠይቀው ሄደዋል። ከዚያ የሰፋ በር አይከፈትልኝም። ያን ቀን ሙሳክ ውስጥ፣ ግንባራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ በእኛ ቋንቋ ቀስ ብለው ለጠየቁኝ ጥያቄ ግን መልስ አለብኝ። ዘግይቼም ቢሆን ልመልስ።

አያ ተገኘ፣ መብራቷ አልበራችም። እርስዎ ያዩ ነበር።